ማንም ያላየው ገቢ

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በከሚሴ ዙሪያ ከሚያገለግሉ ካቴኪስቶች አንዱ ከወራት በፊት አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ጥያቄው የራሳቸው አልነበረም፤ ከትምህርት በኋላ ቀረብ ብላ ያነጋገረቻቸው የአንዲት ወጣት ነው። ወጣቲቱ ሱቅ የላትም፤ ሚዛንም የላትም። ያላት አንድ የእጅ ስልክ ነው። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ወርዳ ማርና ቅቤ፣ ጋቢና ነጠላ ፎቶግራፍ እያነሣች በቴሌግራም ታሳያለች፤ ገዢዎቿ አዲስ አበባና ደሴ ይኖራሉ። ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባላታል፤ ዕቃው በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ይላካል። ከዚህም ሌላ በዐረብ አገር ሠርተው የሚያድሩ የአካባቢው ልጆች «ለእናቴ ለበዓል አንድ ፍየል ግዥልኝ» እያሉ ገንዘብ ይልኩላታል፤ እርሷም ገዝታ እስከ ደጃቸው ታደርሳለች፤ ለድካሟም ጥቂት ታስቀራለች።

«ጋሼ» አለቻቸው፤ «ይህን ገቢዬን ከእግዚአብሔርና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ማንም ሳይጠይቀኝ ግብር ባልከፍል ኃጢአት ይሆንብኛል?» ካቴኪስቱ ስለ ቄሣር ገንዘብ የተጻፈውን የወንጌል ክፍል አስታወሷት። እርሷም ፈገግ ብላ «በዲናሩ ላይ የቄሣር መልክ ነበረበት፤ በእኔ ስልክ ላይ የማን መልክ አለበት?» ብላ መለሰችላቸው። ካቴኪስቱ ዝም አሉ፤ ዝም ማለታቸውንም ሳይሸሽጉ ነገሩን። ጥያቄው በአንድ ጥቅስ የሚዘጋ አለመሆኑን እኛም ስላመንን በዚህ ገጽ ልንመለከተው ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ግብር» በግዕዝ ሥራ ማለት ነው። ግብረ ሐዋርያት ስንል የሐዋርያትን ሥራ ማለታችን ነው፤ የመልካም ጠባይን ትምህርት «ግብረ ገብ» የምንለውም ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። በአማርኛ ይኸው ቃል ለመንግሥት የሚገባው ገንዘብ ስም ሆነ፤ ንጉሥ ለሠራዊቱና ለእንግዳው የሚያቀርበውም ማዕድ ስም ሆነና «ግብር አበላ» ተባለ። በዞኑ የሚነገረው ኦሮምኛም «ጊቢራ» ይለዋል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ቃል «ገባር» የሚለው ስም ወጥቷል፤ ይህም ስም በአያቶቻችን ዘንድ የሚታወሰው ላቡን ለሌላ እንደሚያፈስስ ሰው ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ተነሥቶ መሬቱን አላስለካም ያለው ይህ ትዝታ ከልቡ ስላልወጣ ጭምር ይመስለናል። ስለዚህ በአገራችን ስለ ግብር የሚጽፍ ሰው ጥርጣሬውን እንደ ክፋት ብቻ ሊቈጥረው አይገባም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት በሚነገርበት አገር ሕዝቡ ስለ ሹም የሚያስበው በከንቱ አልመጣም።

ወደ ወጣቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ሱቅ የሌለው ነጋዴ፣ ነጋዴ ነውን? ሕጉ በዚህ ረገድ አያወላውልም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የንግድ ሥራን የሚያየው ለትርፍ የሚሠራ የንግድ ወይም የሙያ ሥራ በመሆኑ እንጂ በመዝጊያና በመደርደሪያ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በስልክና በኮምፒዩተር የተደረገ ስምምነት በዚህ መንገድ በመደረጉ ብቻ ዋጋ እንደማያጣ ደንግጓል። እንግዲህ በቴሌግራም «ተስማምተናል፤ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ውል ከሆነ፣ ከውሉ የሚገኘውም ትርፍ እንደ ማንኛውም ትርፍ መሆኑ ነው።

«ማንም አያውቀውም» የሚለውም ቢሆን እንደሚባለው አይደለም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ የእያንዳንዱ ዝውውር ቀንና መጠን ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ባንክም እንዲሁ። የግብር ባለ ሥልጣን መረጃ የመጠየቅ ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። በባቲ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ብር ከዚህ ይልቅ የተሰወረ ነው። ነገር ግን መልሳችንን በፍርሃት ላይ ልንመሠርተው አንወድም። መዝገቡ ነገ ቢጠፋ ግዴታውም አብሮ የሚጠፋ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ግዴታ አልነበረም ማለት ነው።

የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን ጊጌስ ስለሚባል እረኛ የሚነገር ታሪክ ጽፏል። እረኛው ከሰው ዐይን የሚሰውር ቀለበት አገኘ፤ በዚያም ቀለበት የፈለገውን ሁሉ አደረገ። ጥያቄውም እንዲህ ያለ ቀለበት ያለው ሰው ጽድቅን የሚሠራበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነው። ለእኛ ለክርስቲያኖች «እግዚአብሔር ያያል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እውነትም ነው። ሆኖም ወጣቲቱ እግዚአብሔር እንደሚያያት አስቀድማ ተናግራለች። የምትጠይቀው፣ እርሱ ሲያይ የሚያዝንበት ነገር በዚህ ውስጥ አለ ወይ ብላ ነው።

ይህን ጥያቄ ከእርሷ በፊት የጠየቁ ሊቃውንት ነበሩ። ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ከካቶሊክ የሥነ ምግባር መምህራን ብዙዎች አንዳንድ ሕጎች፣ በተለይም የቀረጥና የግብር ሕጎች፣ «የቅጣት ሕጎች ብቻ» ናቸው የሚል አስተያየት ነበራቸው። እንደ እነርሱ አነጋገር እንዲህ ያለው ሕግ ሰውን በኅሊናው አያስረውም፤ የሚያስገድደው ተይዞ ሲቀጣ ቅጣቱን ሳያጕረመርም እንዲቀበል ብቻ ነው። ይህ አስተያየት ከክፋት የመጣ አልነበረም። የጊዜው ነገሥታት በየድልድዩና በየበሩ የሚያስከፍሉት ቀረጥ ለጦርነትና ለድግስ ይውል ስለ ነበር፣ ድኻውን በኑዛዜ ጊዜ ተጨማሪ ሸክም ላለመጫን የታሰበ ነበር። የእኛም ሰው ሳያነበው በልቡ የያዘው ይህንኑ ትምህርት ነው፤ «ከያዙኝ እከፍላለሁ» ሲባል ያልሰማ ማን አለ?

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን በዚያ አልቆመም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጋውዲዩም ኤት ስፔስ በተባለው ሰነድ፣ በቁጥር 30፣ ተገቢውን ግብር በማጭበርበር የሚያመልጡትን በስም ለይቶ ወቅሷል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2240 ግብር መክፈልን የሥነ ምግባር ግዴታ ይለዋል፤ በቁጥር 2409 ደግሞ ግብር ማጭበርበርን ሰባተኛውን ትእዛዝ ከሚያፈርሱ ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል። ልብ እንበል፤ ሰባተኛው ትእዛዝ ስለ ስርቆት ነው። ነገሩ ለሹም ካለመታዘዝ ወደ ሰው ገንዘብ መውሰድ ተሻገረ ማለት ነው።

የማንን ገንዘብ? ለእኛ የጥያቄው እምብርት ይህ ነው። ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው በከሚሴ የሚያስተምር መምህር ነው። ይህ መምህር ግብር ልክፈል አልክፈል ብሎ የሚያስብበት ጊዜ እንኳ የለውም፤ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ ተቈርጦ ይቀራል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395፣ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ጥቂት አቃልሎለታል፤ ቢሆንም ከ2,000 ብር በላይ ካለችው ከእያንዳንዷ ብር ድርሻ ይወሰድበታል። ሁለተኛዋ በባቲ ገበያ ከዓመት እስከ ዓመት በአንድ ቦታ ተቀምጠው ማር የሚሸጡ እናት ናቸው። ቦታቸው የታወቀ ስለ ሆነ ገማቹ በየዓመቱ ያገኛቸዋል። የስልኳ ነጋዴ ከእርሳቸው አጠገብ ከቆመ ገበሬ ያንኑ ማር ገዝታ፣ ግብር ስለማትከፍል ብቻ በኪሎ ጥቂት ብር ቀንሳ ብትሸጥ፣ የተጎዳችው ቤተ መንግሥት ሳትሆን እኒያ እናት ናቸው። በጀት ሲጐድልም ጉድለቱ የሚሞላው ከማይሰወሩት፣ ከመምህሩና ከባለ ጉልቷ ነው። ታዲያ «ከእግዚአብሔርና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም» ለተባለው፣ ሳያውቁት የሚከፍሉላት ሰዎች አሉ ብለን እንመልሳለን።

የሚከፈለውም ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ ከሚነግዱ ግለሰብ ነጋዴዎች የሚሰበሰበውን የገቢ ግብር የሰጠው ለክልሉ ነው። ብዙ ሰው ግብር ሁሉ አዲስ አበባ የሚገባ ይመስለዋል፤ የትንሹ ነጋዴ ግብር ግን የክልሉ መምህርና የክልሉ ነርስ ደመወዝ ከሚወጣበት ቋት የሚገባ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። «በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደርሶ ንብረታችን ጠፋ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ክልሉ ሰላም አላየም። የምከፍለው ብር መጽሐፍ ይሁን ጥይት በምን አውቃለሁ?» ይላል ተቃዋሚው። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው በዚያ መንገድ ያልተጓዘ መሆን አለበት። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሕግ ኅሊናን የሚያስረው ፍትሐዊ ሲሆን ነው ይላል፤ ይህም ለጋራ ጥቅም ሲወጣ፣ ሥልጣን ባለው አካል ሲወጣ፣ ሸክሙም በሕዝቡ መካከል እንደ ዐቅም ሲከፋፈል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. በጻፉት ሬሩም ኖቫሩም በተባለው መልእክታቸው መንግሥት ከመጠን ባለፈ ግብር የድኻውን ጥሪት እንዳያሟጥጥ አስጠንቅቀዋል። ቅዱስ ዮሐንስ 23ኛም በ1961 እ.ኤ.አ. ማቴር ኤት ማጂስትራ በተባለው መልእክታቸው ሸክሙ ከከፋዩ ዐቅም ጋር ይመጣጠን ዘንድ አስተምረዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን «የተጠየቅኸውን ሁሉ ዝም ብለህ ክፈል» ብላ አታውቅም።

ይሁን እንጂ አንድ መመዘኛ እናቅርብ። በኅሊናው ምክንያት አልከፍልም የሚል ሰው ያን ያልከፈለውን ገንዘብ ምን አደረገው? ለተፈናቀሉት ሰጠው? ለጤና ጣቢያው አልጋ ገዛበት? ወይስ በስልኩ ውስጥ ለራሱ አስቀመጠው? በኅሊናው የሚቃወም ሰው ተቃውሞውን በግልጽ ይናገራል፤ የሚያስከትልበትንም ይቀበላል። ተቃውሞው በድብቅ የሚፈጸምና ሁልጊዜ ለተቃዋሚው ትርፍ የሚያስገኝ ከሆነ ግን ስሙን ለውጠን ልንጠራው ይገባል። ደግሞም ያው ቋት ጥይትም ይግዛ መጽሐፍ፣ ልጃችን ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ እናታችን ስትታመም፣ ከመጽሐፉና ከመድኃኒቱ ድርሻችንን እንጠይቃለን። በዚህ ጉዳይ ብዙ የተሠቃዩ ቅን ሰዎች ከእኛ የተለየ አሳብ ሊኖራቸው እንደሚችል እናውቃለን፤ አንፈርድባቸውም።

«ለቤተ ክርስቲያን ዐሥራቴን አውጥቻለሁ፤ ይበቃል» የሚሉም አሉ። በዞኑ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችን ዘካቸውን የሚያወጡት ለድኻው ነው፤ ይህ ግን የመንግሥትን ግብር እንደማያስቀርላቸው ያውቃሉ። እኛም ዐሥራታችንን እንደዚሁ ማየት ይገባናል። ከተሰወረ ግብር የወጣ ዐሥራት ቁምስናውን የሌላ ሰው ገንዘብ ተካፋይ ያደርገዋል፤ ይህን ጉዳይ ከምእመናን ይልቅ እኛ አገልጋዮች ልናስብበት ይገባል።

አሁን ደግሞ ወጣቲቱን በሚጠቅም ነገር ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ቅን ሰው የሚሳሳተው በክፋት ሳይሆን በስሌት ነውና። በስልክ የገባ ገንዘብ ሁሉ ገቢ አይደለም። በዐረብ አገር ያለው ልጅ ለእናቱ ፍየል መግዣ 10,000 ብር ቢልክላት፣ ፍየሉ በ9,500 ብር ቢገዛና 500 ብር ለድካሟ ብትይዝ፣ የእርሷ ገቢ 500 ብሩ ነው እንጂ 10,000 ብሩ አይደለም፤ በቀረው ገንዘብ ላይ እርሷ መልእክተኛ ናት። ይህ የሚሆነው ግን ላኪውና እርሷ አስቀድመው በዚህ ከተስማሙና ዋጋውን በግልጽ ካሳወቀችው ነው። ፍየሉን በራሷ ገንዘብ ገዝታ፣ በራሷ ዋጋ ቈርጣ ከሸጠችለት ሻጭ ናት፤ ሙሉው 10,000 ብር ሽያጭ፣ 9,500ው ወጪ ይሆናል። ትርፉ አንድ ነው፤ በሽያጭ መጠን ለሚመደብና ለሚገመት ነጋዴ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንዲሁም የአውቶቡስ ጭነት፣ የማሸጊያ፣ የኢንተርኔት ክፍያ የሥራው ወጪዎች ናቸው፤ ማስረጃ ሲኖራቸው ይታሰባሉ፤ ማስረጃ ከሌላቸው ግን የተረሱ ያህል ናቸው። ለቤት ልብስ የወጣውን የንግድ ወጪ ብሎ መጻፍ ግን ሌላው የስውር በር ነው።

መዝገብ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ግምት ይወድቃል። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለትንንሽ ነጋዴዎች የወጣው የቀን ገቢ ግምት ምን ያህል ቅሬታ እንዳስነሣ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ በአምቦና በወሊሶ ሱቆች እስከ መዘጋት ደርሰው ነበር። ተገማቹ ይሰውራል ተብሎ ስለሚታሰብ ገማቹ ይጨምራል፤ ገማቹ ይጨምራል ተብሎ ስለሚፈራ ተገማቹ ይሰውራል። በዚህ አዙሪት ውስጥ እውነት የተናገረ ሰው ሁለት ጊዜ የሚቀጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለከፋዩ ብቻ የተጻፈ እንዳይመስል እንወዳለን። ቀራጮች ሊጠመቁ ወደ መጥምቁ ዮሐንስ በመጡ ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ግን ነግሯቸዋል (ሉቃ. 3፥12-13)። በገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ምእመናን ቢኖሩን ይህን ክፍል ደጋግመው ያንብቡት። ግምቱን ለማስቀነስ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብም ከመሰወር የባሰ ነው፤ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያበላሻል፤ ቋቱንም ባዶ ያስቀራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ ዛሬ የተጋነነ ግምት የደረሰበት ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበትና ይግባኝ የሚልበት መንገድ በሕግ ተቀምጦለታል። መንገዱ አድካሚ መሆኑን አንክድም።

ስላለፉት ዓመታት ምን ይደረግ? ወጣቲቱ ሦስት ዓመት ነግዳለች። የኑዛዜ ልማዳችን የወሰደ ይመልስ የሚል ነው፤ የሚመልሰው ግን እንደ ዐቅሙ ነው። ሰዎች በዚህ ጉዳይ ዘኬዎስን ይጠቅሳሉ፤ ዘኬዎስ ግን ሰብሳቢ እንጂ ከፋይ አልነበረም፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውም በግፍ ለወሰደው ነው። ካቴኪስቶቻችን ይህን ጥቅስ በድኻ ነጋዴ ላይ እንዳይጭኑት አደራ እንላለን። በመጀመሪያው ዓመት ያገኘችው ከዕለት ጉርሷ ያላለፈ ከሆነ ስለዚያ ኅሊናዋን ማስጨነቅ አይገባትም። ከዚያ ወዲህ ግን ትርፉ አድጓል። ሳይጠሯት ሄዳ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ብታወጣ፣ ያለፈውንም ብትጠይቅ፣ ተፈልጋ ከመገኘት ይሻላታል፤ መቀጫና ወለድ ከጊዜው ጋር አብሮ የሚያድግ ነውና።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ በቅፍርናሆም የቤተ መቅደሱን ግብር የሚሰበስቡት ወደ ጴጥሮስ መጡ። ጌታም እርሱ እንደ ልጅ ነጻ መሆኑን ለጴጥሮስ ካስረዳው በኋላ፣ ሰዎቹን እንዳያሰናክላቸው ብሎ እንዲከፈል አዘዘ። እኛን የሚያስደንቀን ገንዘቡ የተገኘበት ቦታ ነው። ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሳንቲሙም የወጣው ከዓሣ አፍ ነው። ከሚያውቀው ሥራው፣ ከመንጠቆው ጫፍ ተገኘ።

ይህን ከጻፍን በኋላ ካቴኪስቱን በድጋሚ አግኝተናቸው ነበር። ወጣቲቱ ባለ መስመር ደብተር ገዝታ በአንድ በኩል የገባውን፣ በሌላው በኩል የወጣውን መጻፍ ጀምራለች፤ በሐምሌም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ለመሄድ አስባለች። አንድ ጥያቄ ግን ጨምራለች። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ቴሌግራሟ ዝም ብሎ፣ እርሷም አንድ ነጠላ እንኳ ሳትሸጥ ቆይታለች። በእነዚያ ወራት ምንም አላገኘሁም ብላ እውነቱን ብትጽፍ የሚያምናት ይኖር እንደሆነ ነው የጠየቀችው። ካቴኪስቱ በሐምሌ አብረዋት ሊሄዱ ቃል ገብተውላታል።